ዴኩ ሣር ሲያከማች፣ ጎማው ሜዳ ሲያርስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ግቢዎች የትራክተር ማጨጃ ፍተሻ

ነሐሴ ላይ ሰፊ ግቢ በትራክተር ማጨጃ የሚያሳጭድ ሰው ይህን መልክ ያውቀዋል። ማሽኑ ካለፈ በኋላ እርጥቡ ሣር እንደ ጠላ አተላ ዱብ ዱብ ብሎ ይቀራል። መዞሪያው ላይ ሣሩ ከነሥሩ ተገሽልጦ ጥቁሩ አፈር ይታያል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከክምሩ ሥር ያለው ሣር ይገረጣል፣ ሳምንት ከቆየም ይሞታል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ምላጩን ነው። ምላጩ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ቀድሞ መታየት ያለበት ግን ነፋሱ ነው።

ዴክ የሚባለው ምላጮቹን የከደነው የላሜራ ጎድጓዳ ነው። ምላጩ ሲሽከረከር፣ በጀርባው ወደ ላይ የታጠፈው ክንፍ እንደ ቬንትሌተር ነፋስ ይስባል። ይህ ነፋስ መጀመሪያ የተኛውን ሣር ቀና ያደርገዋል፣ ቀጥሎ የተቆረጠውን ተሸክሞ በጎን አፍ ያስወጣዋል። ነፋሱ ከደከመ ሣሩ ይቆረጣል እንጂ አይወጣም፤ ዴኩ ውስጥ ይሽከረከርና ሲከብድ ይወድቃል። ስለዚህ ክምር ባያችሁ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፦ ነፋሱን ምን አደከመው፣ ወይስ ሸክሙ ከልክ አለፈ?

ከፍታው የሚበላው ጉልበት

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ወረቀቱ ላይ 20 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ማሽን ኮምቦልቻ ላይ 16 ገደማ፣ ደሴ ላይ 15 ገደማ ቢሰጥ ነው። በዚያ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ፣ ምላጩ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞር እንኳ ነፋሱ የሚሸከመው ሣር ያነሰ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደህና ሲያጭድ የነበረ ማሽን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ክምር መጣል ቢጀምር ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ፍጥነቱ ይቀነስ፣ ዴኩ አንድ እርከን ከፍ ይበል።

ሞተሩ የቤንዚን ሆኖ ጥቁር ጭስ ካወጣና ካንዴላው ተፈቶ ሲታይ ጥላሸት ከለበሰ፣ ከአየሩ ይልቅ ነዳጁ በዝቷል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አራግፉ ወይም ቀይሩ፤ በበጋ የኮምቦልቻ አቧራ ይህን ብቻውን ሊያመጣ ይችላል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ጭሱ ካልቆመ ካርቡራቶሩ ለደጋ የተዘጋጀ ጠበብ ያለ ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ያስፈልገዋል። ጄቱ የተቀየረለትን ማሽን ወደ አፋር ቆላ ካወረዳችሁት ግን የቀድሞውን መልሱለት፤ አለዚያ ነዳጅ ያንሰውና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ሲያጭዱ የእጅ ነዳጅ መስጫው ሙሉ ለሙሉ ይከፈት፤ በአብዛኞቹ የግቢ ትራክተሮች ላይ የጥንቸል ሥዕል ያለበት ቦታ ነው። «ነዳጅ ለመቆጠብ» ተብሎ በግማሽ ማጨድ ከሁሉም የተለመደው ስሕተት ነው። የምላጩ ፍጥነት ከሞተሩ ዙር ጋር ስለሚወርድ ነፋሱም አብሮ ይወርዳል። ለማዝገም ማርሹን ወይም የመንጃውን ፔዳል ቀንሱ እንጂ የሞተሩን ዙር አትንኩ። ከትልቅ ትራክተር ኋላ በፒቲኦ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማጨጃው በሚያስተላልፈው መዘውር) የሚሠራ ማጨጃ ከሆነ፣ የዙር መቁጠሪያው ላይ 540 የተባለው ምልክት ላይ አድርሱትና እዚያው ያዙት።

መጀመሪያ ሣሩንና ሰዓቱን

ከሣሩ ርዝመት በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትቁረጡ። 6 ሴንቲ ሜትር ላይ መያዝ የምትፈልጉት ሣር 9 ሲደርስ ይታጨዳል። በሐምሌና በነሐሴ ይህ ማለት በየ5 እስከ 7 ቀኑ ነው፤ ሁለት ሳምንት የዘለለ ሰው ክምሩን በራሱ እጅ ጠርቷል። 20 ሴንቲ ሜትር የደረሰውን መጀመሪያ 13 ላይ፣ ከ3 ወይም 4 ቀን በኋላ 9 ላይ፣ ቀጥሎ 6 ላይ አውርዱት።

ጉልበት የደረሰ ሣር ደግሞ የማሽን ሥራ አይደለም፣ የማጭድ ሥራ ነው። በዚህ አገር ሣር መኖ ነውና የሚያጭደው ሰው አይጠፋም፤ ከብት ያላቸው ጎረቤቶች አጭደው ይውሰዱትና ማሽኑ በማግሥቱ ቀሪውን ያስተካክል። ዴክ ውስጥ አልፎ የተከተከተው እርጥብ ሣር ሲከመር በሰዓታት ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል። ለከብት የሚሰጥ ከሆነ በዕለቱ፣ ተበትኖና ፌስታል ተለቅሞለት ይሁን፤ ያደረውን ክምር አትስጡ። በማጭድ የታጨደው ረጅም ሣር ለከብቱም ይሻለዋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ማጨድ ክምር መለመን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል በኋላ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ደሴ ላይ ጉሙ ቶሎ ስለማይነሳ ሰዓት አይታመንም፤ ጫማችሁን እመኑት። ሣሩን ሃያ እርምጃ አቋርጡ፤ የጫማው አፍንጫ ከራሰ ጠብቁ። የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ የምትሠሩበት መስኮት ከ5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ግቢው ሰፊ ከሆነ ከፋፍሉት እንጂ ለመጨረስ ብላችሁ አትሩጡ።

አፈሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ሣሩ ደርቆ አፈሩ የራሰ ሊሆን ይችላል። ተረከዛችሁን ጫን አድርጉ፤ አሻራው ሳይመለስ ከቀረ ወይም ውሃ ካቆረ ትራክተር አይግባ። የኮምቦልቻው ሜዳማ ዋልካ አፈር ከከባድ ዝናብ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። የደሴ ተዳፋት ውሃውን ቶሎ ያንጠፈጥፋል፣ ግን ያንሸራትታል።

ክምሩ የት እንደወደቀ አንብቡ

አሥር ሜትር ያህል አጭዳችሁ ቁሙና ወደ ኋላ ተመልከቱ። ክምሩ የወደቀበት ቦታ ግማሹን ምርመራ ይጨርስላችኋል።

በመውጫው አፍ በኩል እንደ ገመድ የተያያዘ መስመር ካለ፣ ሣሩ በዝቷል ወይም ርሷል። ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ዴኩን አንሱ፣ ወይም በግማሽ ስፋት ብቻ እየገባችሁ እጨዱ። የምትዞሩበትንም አቅጣጫ እዩ። የሚወጣው ሣር ወደታጨደው ወገን መውደቅ አለበት። ገና ወዳልታጨደው ከወደቀ ማሽኑ ያንኑ ሣር ደግሞ ይቆርጠዋል፣ ሸክሙ በእጥፍ ይጨምራል።

ያለ ሥርዓት፣ እዚህም እዚያም እንደ ኩበት የሚጣል ከሆነ፣ ከዴኩ በታች የተጋገረው ሣር እየተላቀቀ ነው። ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል።

በቆማችሁበትና በዞራችሁበት ቦታ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ፣ ምላጩን ሣር ውስጥ ሳላችሁ ታጠፋላችሁ ማለት ነው፤ ወይም ስትዞሩ ሞተሩ ይወርዳል። ከሣሩ ወጥታችሁ፣ ዴኩ ሣሩን እስኪተፋ 5 ሰከንድ ያህል ጠብቃችሁ አጥፉ።

ከአንድ ምላጭ ትይዩ ብቻ ክምርና ያልታጨደ መስመር አብረው ከታዩ ደግሞ ጉዳዩ የቺንጋ (ምላጩን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ወይም የዚያ ምላጭ ነው።

ፍጥነቱን በግምት አትተዉት። 50 ሜትር ለኩና ሰዓት ያዙ፦ 36 ሰከንድ ከፈጀባችሁ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለደረቅና ለአጭር ሣር ደህና ነው። ለወፍራም የክረምት ሣር 60 ሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ያድርግላችሁ።

ከዴኩ በታች

ምላጩን ሳትነኩ በፊት፦ ፒቲኦውን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ቁልፉን አውጡና ኪሳችሁ ክተቱ፣ የቤንዚን ሞተር ከሆነ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። በክሪክ ወይም በሃይድሮሊክ ብቻ ተነስቶ ከቆመ ዴክ በታች እጅም ራስም አይገባም፤ የእንጨት ጉማጅ ደግፉለት። ወፍራም ጓንት አድርጉ።

የተጋገረውን ሣር በእንጨት ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ፋቁት። ብረት ቀለሙን ይልጠዋል፣ የተላጠው ቦታ ይዝጋል፣ የዛገው ቦታ ደግሞ ሣር አጥብቆ ይይዛል። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጋገራ የዴኩን ሆድ ስለሚያጠብ ነፋሱ መዞሪያ ያጣል። በክረምት ካጨዳችሁ በኋላ ሣሩ ሳይደርቅ በዕለቱ አጽዱት፤ አድሮ ከደረቀ እንደ ጭቃ ግድግዳ ነው። በውሃ ካጠባችሁ ግፊቱን ኩሽኔታው ላይ አታነጣጥሩ፣ ከዚያ ምላጩን ሁለት ደቂቃ ያህል አዙራችሁ አድርቁ። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፣ ግን አይደገፍም፤ ከሣሩ ጋር ይወድቅና ያቃጥለዋል፣ ያንን ሣር ከብት ሊበላው ይችላል። የጸረ ዝገት ቀለም ይሻላል።

በዘንጉ ዙሪያ የተጠመጠመ ሲባጎ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ክርና ፌስታል ፈልጋችሁ አውጡ። ሲባጎ የኩሽኔታውን ጎማ ማኅተም ይቆርጣል፣ ግራሶው ይወጣል፣ ከዚያ ኩሽኔታው ይጮሃል። ምላጩን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት፤ ከተንቃቃ ኩሽኔታው አልቋል።

አሁን ወደ ምላጩ። የደነዘ ምላጭ ሣሩን አይቆርጥም፣ ይበጣጥሳል። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ጫፎቹ ተተልትለው ነጣ ቡናማ ብለው ካያችሁ ምላጩ ደንዟል። ድንጋይና አቧራ ባለበት ግቢ በየ8 ሰዓቱ ሥራ እዩት፤ ንጹሕ ሜዳ ላይ በየ20 እስከ 25 ሰዓቱ ይበቃል። ሲሳል የነበረውን ማዕዘን ተከተሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። በላይኛው ፊት ብቻ ሳሉት፣ የታችኛውን ጠፍጣፋ አትንኩ። ሞረድ በቂ ነው። ግራይንደር የምትጠቀሙ ከሆነ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ በውሃ አቀዝቅዙት፤ ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፣ ያ ምላጭ ከአንድ ቀን በላይ ስለት አይዝም። እንደ ጢም ምላጭ አታሹሉት፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ጠርዙ ላይ ይቅር፣ አለዚያ በመጀመሪያው ጠጠር ይሸረፋል።

ከዚያ ሚዛኑን እዩ። የመሐል ቀዳዳውን ግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር ስቀሉትና ልቀቁት። ያዘመመው ወገን ከባዱ ነው፤ አግድም ሆኖ እስኪቆም ያንኑ ወገን በዚያው ማዕዘን ጨምራችሁ ሳሉ። ሚዛኑ የሳተ ምላጭ ዴኩን ያንቀጠቅጣል፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል።

የነፋሱ ምንጭ የሆነው ክንፍ ግን ተስሎ አይድንም። አሸዋና አቧራ ክንፉ ከጠፍጣፋው በሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ ይሞርደዋል። እዚያ ከሳሳ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ስለቱ ምንም ቢያምር ምላጩን ጣሉት። ነፋሱ ጠፍቷል፣ የተሰነጠቀ ክንፍ ተበጥሶ ከወጣም ሰው ይገድላል። ምላጩን በብየዳ ማስጠገን የሚባል ነገር የለም።

መልሳችሁ ስታስሩ ክንፉ ወደ ላይ፣ ወደ ዴኩ ሆድ ይመልከት። ተገልብጦ የታሰረ ምላጭ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል፤ አዲስ ምላጭ ተገዝቶ ነገሩ ከቀድሞው ከባሰ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ። ቡሎኑን የማሽኑ መመሪያ ባለው ልክ አጥብቁ፣ ሮንዴላውንም እንደነበረው መልሱ።

ሣሩን ደጋግሞ የሚከትፍ፣ የመውጫውን አፍ የሚዘጋ መክደኛ የተገጠመላችሁ ከሆነ ለክረምቱ አውልቁት። የመውጫውን መከላከያ ክንብንብ ግን አታንሱ፣ በሽቦም አትሰሩት። ድንጋይ የሚወረውረው በዚያ በኩል ነው።

ቺንጋው

ወፍራም ሣር ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ዙሩን ሳይቀንስ ምላጩ ብቻ ከደከመ፣ ወይም የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ጎኑ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ የተሰነጠቀ፣ ወይም ፑሌጃው ውስጥ እስከ ሥሩ የሰመጠ ቺንጋ ይቀየር። የወጣሪውን ሞላ እዩ፣ ተስቦ ሊሆን ይችላል። አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን የወርዱና የጎኑ ቅርጽ መግጠም አለበት። የመኪና ቺንጋ «ይገባል» ተብሎ ሲገጠም ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ይንሸራተታል።

የተላጨው ሜዳ፦ ዴኩን ማስተካከል

አንዱ ወገን ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ብሎ እንደ ደረጃ የሚታይ ሜዳ፣ ወይም በአንድ ጎን ብቻ የተላጨ መስመር ዴኩ ማዘንበሉን ይናገራል። ግን ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ጎሚስታ ሂዱና የአራቱንም ጎማ ነፋስ አስለኩ። ብዙ የግቢ ትራክተሮች ከፊት 14፣ ከኋላ 10 ፒኤስአይ አካባቢ ይወስዳሉ፤ የእናንተን መጠን ከመመሪያው አንብቡ። ጎሚስታው እንደ መኪና 30 እንዳይሞላው ቆማችሁ አሠሩ። አንድ የጎደለ ጎማ ዴኩን ለማዘንበል ይበቃል።

የጎማዎቹ ነፋስ ከተስተካከለ በኋላ ማሽኑን ለጥ ባለ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ፣ ዴኩን በምታጭዱበት ከፍታ አድርጉ። ምላጮቹን ወደ ጎን አዙሩና ከውጫዊ ጫፋቸው እስከ ወለሉ ለኩ፤ የግራና የቀኝ ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ቀጥሎ ምላጩን ከፊት ወደ ኋላ አዙሩ፤ የፊቱ ጫፍ ከኋላው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። የኋላው ዝቅ ካለ ምላጩ አንዱን ሣር ሁለት ጊዜ እየቆረጠ ጉልበት ይበላል፣ ክምርም ያመጣል። የፊቱ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ መሬት ይጭራል።

የተጣመመ ምላጭ የሚታወቀው እዚሁ ነው። አንዱን ጫፍ ለክታችሁ፣ ምላጩን ግማሽ ዙር አዙራችሁ፣ ሌላውን ጫፍ በዚያው ቦታ ለኩ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ምላጩ ጠሟል። አዲስ ምላጭ ተገጥሞም ልዩነቱ ካለ የጠመመው ዘንጉ ነው። በመዶሻ ማቅናት አይሞከር።

በትራክተሩ ሆድ ሥር የሚንጠለጠል ዴክ ትንንሽ ጎማዎቹ ሜዳው ላይ መንከባለል የለባቸውም፤ ለጥ ባለ ቦታ ከመሬት ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ብለው ይቀመጡ። ሥራቸው ጉብታ ሲመጣ ዴኩን ማንሳት ነው። የማጨጃውን ከፍታ በቀየራችሁ ቁጥር እነሱም ይቀየራሉ፤ ይህ ነው የሚረሳው። ከትራክተር ኋላ የሚጎተተው ማጨጃ ግን ክብደቱን በራሱ ጎማዎች ስለሚሸከም ይህ አይመለከተውም።

ሁሉም ተስተካክሎ የጉብታው አናት ብቻ ከተላጨ፣ ጥፋቱ የመሬቱ ነው። እዚያ ቦታ ሌላ አቅጣጫ ሞክሩ ወይም ዴኩን 1 ሴንቲ ሜትር አንሱ። ሰርዶ ዝቅ ብሎ መታጨድን ከብዙ ሣር ይሻላል፤ እስከ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ይችላል። ውፍረት ያለው የኪኩዩ ሣር ግን ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር እንጨት መሳይ ግንድ ነው፤ ዝቅ ካደረጋችሁት ያ ቡናማው ይገለጣል።

ጎማው የሚያደርሰው ጉዳት

ተገሽልጦ የተነሳ ሣር ብዙውን ጊዜ የምላጭ ሳይሆን የጎማ ሥራ ነው። ጥርሳም የእርሻ ጎማ ያለው ትራክተር ለሣር ሜዳ አልተሠራም፤ ጥርሱ ያጠረ፣ ወርዱ የሰፋ የሣር ጎማ ያስፈልጋል። ሌላ ምርጫ ከሌለ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ አስገቡት። የዲፈረንሻሉን መቆለፊያና የአራት ጎማ መንጃውን ለሜዳ አጥፉ፤ ሁለቱም በመዞሪያ ላይ ጎማ እየጎተቱ ሣር ይነቅላሉ። መሪውን ቆማችሁ አትጠምዝዙ። ከመስመር መጨረሻ ስትደርሱ ጥብቅ ከመዞር ይልቅ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ፊት ብላችሁ ዙሩ፣ ወይም አንድ መስመር ዘልላችሁ ሰፊ ዙር ውሰዱ።

በየሳምንቱ በአንድ መስመር መሄድ ዋልካ አፈርን ይደፈጥጣል። አንዱን ሳምንት ከሰሜን ደቡብ፣ ቀጣዩን ከምሥራቅ ምዕራብ፣ ከዚያ በሰያፍ እጨዱ። ነዳጅና ዘይት ሜዳው ላይ አትሙሉ፤ የፈሰሰ ቤንዚን ያቃጠለው ክብ ለወራት ይቆያል።

የደሴ ተዳፋት ግቢዎች ላይ የግቢ ትራክተር ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም አይነዳም፣ ከ15 ዲግሪ በላይም አይወጣም። ለመለካት የ1 ሜትር ጣውላ አንዱን ጫፍ መሬት አስነክታችሁ በውሃ ልክ አግድም ያዙት፤ የሌላው ጫፍ ከመሬት 27 ሴንቲ ሜትር ከራቀ 15 ዲግሪ ደርሷል። ከዚያ በላይ ያለውን በማጭድ አሳጭዱ።

የተበላሸውን መመለስ

የወደቀው ክምር በዕለቱ በመንሽ ወይም በሬክ ይበተን። ሲደርቅ ዴኩን አንድ እርከን አንስታችሁ በአግድም አንድ ጊዜ ከዞራችሁበት ይጠፋል።

የተገሸለጠውን ሣር ሥሩ ሳይደርቅ መልሱ፣ በእግር ጫን አድርጉ፣ ውሃ ስጡ። የጎማ ቦይ ከወጣ በሮለር አትዳምጡት፣ ጎኑም አብሮ ይጠጥራል። አፈሩ ከጭቃነት ወጥቶ ገና እርጥበት ሲኖረው መንሽ በቦዩ ጎን አስገብታችሁ ከሥር ቀስ ብላችሁ አንሱት። የቀረውን ጉድለት ከዚያው ግቢ በተወሰደ አፈር ሙሉ፤ ሣሩ ላይ በአንድ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አትድፉ፣ ጫፉ ሳይታይ ከቀረ ይታፈናል። ለጥ ብሎ የሞተ ቦታ ላይ የሰርዶ ቁራጭ ከነሥሩ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለው የቀረውን ዝናብ ይጠቀማል። ትራክተሩ እዚያ ቦታ ላይ የሚገባው ቁራጩ ሲሳብ የማይነቀል ሲሆን ነው፤ ያኔም የመጀመሪያው አጨዳ በደረቅ ቀን፣ ዴኩ ከፍ ብሎ ይሁን።